ሦስቴ ጠይቆ የሄደው ሰው

እኔ ስለ ሰው ሲወራ ዝም ብዬ ማዳመጥ አልችልበትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤት ስልክ ሳነሳ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አፌ ሥራ መፍታት አይወድም። አንዱ ተነስቶ "አለህ ወይ እኮ አኩርፎ ነው የለቀቀው" ሲል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አላኮረፈም። ኩርፊያ ቢሆንማ ለምነን እንመልሰው ነበር። ነገሩን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ እኔው ልንገራችሁ፤ ራሴንም ሳልምር።

አለህ ወይ ስሙ አይደለም፣ እኔ ያወጣሁለት ቅጽል ነው። መሥሪያ ቤታችን የደም ምርመራ ላቦራቶሪ ነው። ዘጠኝ ቅርንጫፎች ደም ይቀዳሉ፣ ናሙናው በመኪና እኛ ዘንድ ይመጣል፣ ውጤቱ በኔትወርክ ወደየመጣበት ይመለሳል። ውጤቱ የሚሄድበትን መንገድ የሚጠብቀው እሱ ነበር። ሁለት መስመሮች አሉን። ዋናው መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው፤ ሁለተኛው ጣራ ላይ ባለው አንቴና የሚመጣ፣ ቀርፋፋ ግን ለክፉ ቀን የሚሆን ተጠባባቂ ነው። ሁለቱም የሚገናኙት ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ራውተር በሚሉት ጠፍጣፋ ጥቁር ሳጥን ላይ ነው።

የተቀጠረ ሰሞን "ቀኑን ሙሉ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ምን ትሠራለህ?" ብዬ ጠየቅኩት። የባንኮኒዬን እንጨት በጣቱ ሁለቴ ቆርቆር አደረገና፣ "ራውተሩን መጠየቅ እያስተማርኩት ነው" አለኝ።

"ማንን ነው የሚጠይቀው?"

"በየአምስት ሰከንዱ ከመስመሩ ማዶ ያለውን መሣሪያ 'አለህ ወይ?' ይለዋል። ማዶ ያለው 'አለሁ' ይላል። መልሱ ምን ያህል እንደቆየም ይመዘግባል፤ ከዘገየ መስመሩ ታሟል ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ጠይቆ መልስ ካጣ ግን ሞቷል ብሎ ይቆርጣል። ያን ጊዜ እኔን አይጠብቅም፤ ራሱ ወደ ሁለተኛው መስመር ይዞራል፣ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል፣ በስልኬ ይነግረኛል።"

"ለምን ሦስት? ለምን በአንዱ አይቆርጥም?"

"አንዴማ ማንም ሰው ላይሰማ ይችላል፤ አስነጥሶት ይሆናል። ሁለቴም ይቅር ይባላል። ሦስቴ ከሆነ ግን የለም ማለት ነው።"

"ሞቷል ከተባለ በኋላ ቢነሳስ?"

ሳቀ። "ቁም ነገሩ እሱ ጋ ነው፣ እህት ዓለም። አንዴ 'አለሁ' ስላለ ብቻ ሰተት ብዬ አልመለስበትም። ሠላሳ ጊዜ ሳያቋርጥ መመለስ አለበት። ሃያ ዘጠኝ መልሶ አንዱን ካጎደለ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። አንዴ በጣለሽ መስመር ላይ የሰው ደም ውጤት አይጫንም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሲገባ ባንኮኒዬን ሁለቴ ቆርቆር አድርጎ "አለሽ ወይ?" ይለኛል፤ እኔም "አለሁ ጋሼ" እላለሁ። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ አልን። ጋሼ ብዬ አንተ የምለው እሱ ራሱ ስላዘዘኝ ነው። አንቱ ያሉት እንደሆነ "ምነው፣ በቁሜ ልትቀብሩኝ ነው?" ይላል።

ወጣት ሳለ የስልክ እንጨት ላይ የሚወጣ መስመር ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ወድቆ ቀኝ ጉልበቱ ተጎዳ፤ እስካሁን ያነክሳል። "ከላይ ሲያባርሩኝ ምድር ቤት ገባሁ" እያለ ይቀልድበታል። ኮምፒውተር የነካው ከአርባ ዓመቱ በኋላ ነው። የሆነ ቢሮ የጣለውን አሮጌ ራውተር አንስቶ ቤቱ ወሰደና ምግብ ጠረጴዛ ላይ ፈታትቶ ተማረበት። ልጅ አልወለዱም፤ ሚስቱ ያቺን ሳጥን "ጣውንቴ" ነበር የምትላት። ሁለት ዓመት ያህል ጠረጴዛው ጣውንቷ ስለተቀመጠችበት እራት በጭናቸው ላይ ይበሉ እንደነበር እሷው ነግራኛለች።

ሁለት ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም። አንደኛው፣ ራውተሩ ላይ ማንኛውም ነገር ሲለወጥ ለምን እንደተለወጠ አንድ መስመር መጻፍ አለበት። ሌላው ሰው "ተስተካክሏል" ብሎ ያልፋል። እሱ ግን ሐተታ ነው የሚጽፈው፤ "ማክሰኞ ነው፣ ዝናብ እየጣለ ነው፣ የሦስተኛው ቅርንጫፍ መስመር ስለዘገየ ትዕግሥቱን ትንሽ ጨምሬለታለሁ፤ የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ከተበላሸ እኔን ጠይቁ።" ሰው ይስቅበት ነበር። ሁለተኛው የክፍሉ ቁልፍ ነው። ዋናው ራውተር ከሌላ ቦታ ሆኖ አይነካም፤ ክፍሉ ገብቶ ኬብል ሰክቶ ብቻ ነው፣ እሱ ያወጣው ሕግ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ይቀመጣል። የሚወስድ ሰው ሁሉ ከባንኮኒዬ ሥር ባለች ሰማያዊ ደብተር ላይ ቀንና ሰዓት ጽፎ ይፈርማል። ደብተሯን ገዝቶ ያመጣት እሱ ነው። አለቆች ተፈራረቁ፣ አሁን ያለችው ሥራ አስኪያጅ ግን ደብተሯ መኖሯንም አታውቅም ነበር።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ። 

ወንድሜ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ተምሮ ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠ። አለህ ወይን ለመንኩት። "ያንቺ ወንድም ከሆነ የእኔም ነው" አለና አስቀጠረው። አራት ዓመት አስተማረው፤ ያውም እንዴት አድርጎ። ኬብል መግጠም ሲያቅተው ጣቱን በጣቱ ይዞ ነው ያሳየው። ምሳቸውን ከአንድ ዕቃ ነበር የሚበሉት። እሁድ እሁድ እቤቱ እየወሰደ ያንን አሮጌ ራውተር አብረው ይፈቱ ነበር። ሚስቱ "ጣውንቴ ልጅ ወለደች" ትል ጀመር። ሰው ሁሉ ወንድሜን ምክትል ይለው ነበር። እኔ አፌን ሞልቼ "ወንድሜ ሰው እጅ ገባ" ስል፣ እናቴ ደግሞ አለህ ወይን ሳትመርቅ አትተኛም ነበር።

በዚያ ሰሞን ዋናው መስመር ከሰዓት በኋላ እየዘገየ አስቸገረ። ራውተሩ ታሟል እያለ ወደ ተጠባባቂው ይዞራል፣ ሲሻለው ይመለሳል፤ በዞረ ቁጥር ግንኙነት ይቋረጣል። ሥራ አስኪያጇ ከውጭ ሰዎች ጋር በቪዲዮ ስትሰበሰብ ሁለቴ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ተናደደች። አለህ ወይ "መዘግየቱን ሦስት ቀን ልለካው፣ ከዚያ ትዕግሥቱን በልኩ አስተካክላለሁ" አላት። እሷ ግን ሦስት ቀን የሚባል ነገር አይገባትም።

ሐሙስ ቀን በስድስት ሰዓት ገደማ ከሆስፒታል ስልክ መጣ፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ። የሚስቱ የዓይን ኦፕሬሽን ቀጠሮው ቀርቦ ዛሬ ከሰዓት ይደረጋል አሉ። አለህ ወይን ጠርቼ ነገርኩት። ፈቃድ እንዳይጠይቅ አለቃዋ ስብሰባ ላይ ናት። "ሂድ፣ ቅርንጫፍ ሄዷል እላለሁ" አልኩት። ከባንኮኒዬ ላይ ቁራጭ ወረቀት አንስቶ ፓስወርዱን ጻፈና አጥፎ ለወንድሜ ሰጠው። የወንድሜ ስም ዋናውን ራውተር ማየት እንጂ መንካት አልተፈቀደለትም ነበር። "ድንገት የከፋ ነገር ከመጣ በእኔ ስም ግባ" አለው። "ግን የሠራኸውን ጻፍ።"

"ችግር የለም ጋሼ፣ አንተ እሷን አይዞሽ በላት" አለ ወንድሜ።

በስምንት ሰዓት ተኩል ሥራ አስኪያጇ መጣች። ቪዲዮው ደግሞ ተቋርጦባታል። "ሰውዬው የት አለ?" አለችኝ። "ቅርንጫፍ ሄዷል" አልኩ። ወደ ወንድሜ ዞረች። "አንተስ አትችልም?"

"እችላለሁ" አላት። ዓይኑ እንዴት እንደበራ አይቻለሁ፤ እኔም ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። በዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ቁልፉን ወስዶ ፈረመ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እያፏጨ ተመለሰ።

"ምን አደረግከው?" አልኩት።

"ዝም አሰኘሁት።"

እውነትም ዝም አለ። መስመሩ ሲዞር ሲመለስ የነበረው ቀረ። ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ ዘጠኙን ቅርንጫፎች የሚያሳየው ስክሪን ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ሆነ። ሥራ አስኪያጇ በሁሉም ፊት ወንድሜን አመሰገነችው። አለህ ወይ ዓይኗ የታሸገ ሚስቱን ሲመግብ ሲያጥብ ከርሞ ሲረጋጋ፣ አንድ ጠዋት ባንኮኒዬን ተደግፎ "ዝምታው አላማረኝም፣ እህት ዓለም" አለኝ። "መስመር ወር ሙሉ ሳያስነጥሰው አይቀርም።" ወንድሜን ጠየቀው። ወንድሜም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "የመስመሩ አቅራቢዎች መጥተው ማዶ ያለውን መሣሪያ ቀየሩት ጋሼ" አለው። አመነው። ገብቶ ማየት ይችል ነበር፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ነገር ግን የወንድሜን ሥራ ከኋላው መበርበር እሱን መስደብ መሰለው። ጥፋቱ ይቺው ናት፤ ሌላ የለበትም።

በአርባኛው ቀን ገደማ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ መንገድ የሚቆፍሩ ሰዎች ዋናውን መስመር ከመሬት በታች በጠሱት። እኛ መቼ አወቅን። ስልኬ መጮህ ጀመረ። አንደኛው ቅርንጫፍ "ውጤት አልመጣም"፣ አራተኛው "ውጤት የለም"፣ ሰባተኛው "ሰው እየጮኸብን ነው።" ዞር ብዬ ስክሪኑን አየሁት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ነው። አለህ ወይ በዚያን ቀን ራቅ ያለው ቅርንጫፍ ኬብል ሊቀይር ሄዶ ነበር። ደውዬ ከወንድሜ ጋር አገናኘሁት።

"ራውተሩ ምን ይላል?" ሲል ሰማሁት።

"አለሁ ነው የሚለው ጋሼ። ሁሉም ደህና ነው።"

ራውተሩ ደህና ነኝ ካለ በሽታው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። እሱም እዚያው የቅርንጫፉን ኬብሎች አንድ በአንድ ነቀለ፣ ሰካ። የላቦራቶሪውን ኮምፒውተሮች አስዘግቶ አስከፈተ። አራት ሰዓት ሙሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት የደሟ ዓይነት ስላልታወቀ ኦፕሬሽን ክፍል በር ላይ ተኝታ ጠበቀች፤ ውጤቷን በወረቀት ጽፈን በሞተር ሳይክል ነው ያደረስንላት። እግዜር ይመስገን ተረፈች።

ሰባት ሰዓት ላይ አለህ ወይ በመኪና ደረሰ፣ ደብተሯ ላይ ፈረመ፣ እያነከሰ ወረደ። ስልኩን ለሒሳብ ሠራተኛዋ አስይዤ ተከተልኩት። ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነበር። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል።

"ራሱን ነው የሚጠይቀው" አለ።

"ማን ነው ራሱን የሚጠይቀው?" አልኩ።

"ራውተሩ። የማዶውን አድራሻ አውጥተው የራሱን አድራሻ አስገብተውበታል። ራሱን 'አለህ ወይ?' ይላል፣ ራሱ 'አለሁ' ይላል። መስመሩ ቢቃጠልም እሱ መቼም አይሰማም።"

አድራሻውን መለሰው። አምስት ሰከንድ፣ አሥር፣ አሥራ አምስት። ሦስቴ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ራውተሩ ራሱ ወደ ተጠባባቂው ዞረ። ፎቅ ላይ ስልኮቹ አንድ በአንድ ዝም ሲሉ ተሰማኝ። ከዚያ ማስታወሻውን ከፍቶ ማን እንደለወጠው አነበበ። ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ስምንት። የለወጠው ሰው ስም፦ የራሱ። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

"እኔ ባዶ ትቼ አላውቅም" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ቀና ብሎ ወንድሜን አየው። ወንድሜ የማቀዝቀዣው ውሃ የሚንጠባጠብበትን ባልዲ ነበር የሚያየው።

እኔን እስከዛሬ የሚያቃጥለኝ አድራሻውን መለወጡ አይደለም። ወጣት ነው፣ ሊያሳይ ፈለገ፣ አቋራጭ ወሰደ፤ ይሁን። ግን ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ምን እንደተበላሸ ያውቅ ነበር። አድራሻውን ቢመልሰው ይድን ነበር። ከነካው ማን እንደነካው እንዳይታወቅበት ብሎ፣ ያሰለጠነው ሰው በከተማው ጫፍ ተንበርክኮ ደህና ኬብል ሲነቅል ዝም ብሎ ሰማው። ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው።

ማክሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጇ፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ አለህ ወይ፣ ወንድሜ፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ። አንድ ትልቅ ክሊኒክ ውሉን አፍርሷል፣ የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል።

"በስምዎ ነው የተለወጠው" አለች ሥራ አስኪያጇ፣ የታተመውን ወረቀት ወደሱ እየገፋች።

"በስሜ ነው" አለ። "እኔ ግን አልለወጥኩትም። ፓስወርዴን ለሰው ሰጥቼ ነበር፤ መስጠቴ ጥፋት ነው።"

"ለማን?"

እሱ ግን ወንድሜን አየው። እንደ መቆጣት አይደለም ያየው፤ ተናገር፣ እኔ አለሁልህ እንደማለት ነበር። ሥራ አስኪያጇም ዞረች። "አንተ የምታውቀው ነገር አለ?"

"የለም" አለ ወንድሜ። "እሱን ነገር የሚነካው ጋሼ ብቻ ነው።"

አለቃዋ ራሷ ያን ሐሙስ "አንተስ አትችልም?" ብላ ወንድሜን አላዘዘችውም? አዝዛዋለች። ግን ለእሷም የተመቻት ያኛው መልስ ነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። አለህ ወይ ወንድሜን ማየቱን ትቶ የራሱን እጆች ማየት ጀመረ። እስከ ሰኞ ጠዋት በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ፣ ካልሆነ በቸልተኝነት ተባሮ ማኅደሩ ላይ እንዲጻፍ ተወሰነ። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ በቸልተኝነት የተባረረን ሰው ማን መስመር ያስነካዋል? እንጀራውም ስሙም አብረው ሊሄዱ ነው።

ማስረጃው ያለው እኔ ጋ ነበር። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ፣ የወንድሜ ፊርማ፣ ሰማያዊ ደብተር።

ከሥራ እንደወጣሁ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። ወንድሜ ቀድሞኝ ቁጭ ብሏል። ልጮህበት አፌን ስከፍት አለቀሰ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ጉልበቴን ይዞ አለቀሰ። "እትዬ፣ ያቺን ደብተር ማንም አያውቃትም" አለኝ።

"እሱ ያውቃታል።"

"ካወቀ ታዲያ ለምን አልተናገረም?"

 እናቴ ጋቢዋን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርጋ፣ "እሱ ደግ ሰው ነው፣ ግን ባዕድ ነው" አለች። "ይሄ ያጠባሁት ነው። አንቺ ደግሞ ያዘልሽው።" ያ ሁሉ ምርቃት በአንድ ቀን ባዕድ ሆነ። ያን ጊዜ ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ። ተቀምጬ እራት በላሁ።

ረቡዕ ጠዋት አለህ ወይ መጣ። ባንኮኒዬን ሁለቴ ቆርቆር አደረገ። "አለሽ ወይ?" እኔ ማንም ያልደወለበትን ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ "እሺ፣ እሺ" እያልኩ፣ ሥራ ላይ ነኝ በሚል በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ትንሽ ጠበቀኝና ሄደ።

ሐሙስ ከሩቅ ሲያነክስ ሰማሁትና ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ከባንኮኒው ሥር ገባሁ። ደብተሯ አፍንጫዬ ሥር ናት። ሁለቴ ቆርቆር። "አለሽ ወይ?" ትንፋሼን ዋጥኩ። የቆመበትን ጊዜ ያህል ረዥም ጊዜ አላውቅም።

ዓርብ ስልክም የለ፣ መደበቂያም የለ። ፊት ለፊት ተያየን። ሸሚዙን አልተኮሰም፤ ዓይኑ ቀልቷል። "አለሽ ወይ?" አለኝ። ደብተሯን ማውጣት እጅ መዘርጋት ብቻ ነበር። እኔ ግን "ደህና አደርክ ጋሼ" አልኩት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብዬው አላውቅም። ራሱን ነቀነቀና "ደህና" ብሎ ወረደ። ሦስተኛው መሆኑን ያሰብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው።

 ሰኞ ጠዋት ደብተሯን ባንኮኒው ላይ አውጥቼ ጠበቅኩት። መጣ። አልቆረቆረም። የገቢ ደብዳቤ የምመዘግበው እኔ ነኝና ፖስታ አቀበለኝ፣ እሱ ጋ የነበረውን የክፍሉን መለዋወጫ ቁልፍ ከላዩ አስቀመጠና ወጣ። ፖስታው አልታሸገም። "ፓስወርዴን ለሌላ ሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ። የተሠራው በስሜ ነው። ስሜን ይዤ እሄዳለሁ" ይላል። ከዚያ ፊርማ።

ደብተሯን ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጇ ሮጥኩ። የሐሙሱን ፊርማ ሁለቴ አነበበችው። "ይሄ ማክሰኞ ስንሰበሰብ እጅሽ ላይ ነበር?"

"ነበር።"

"ታዲያ?"

ደብተሯን ጠረጴዛዋ ላይ ትቼ ወጣሁ። ወንድሜ በሳምንቱ ተባረረ። አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ገብቷል፣ አለህ ወይ ባስተማረው ሙያ እየበላ ነው። "እህቴ ሸጠችኝ" ይላል አሉ። እናቴም ስደውል ስልኩን ለጎረቤት ትሰጣለች። ለአለህ ወይ የይቅርታና የተመለስ ደብዳቤ ተጻፈለት፤ "አመሰግናለሁ" ብሎ በሾፌሩ እጅ መለሰው። በመጨረሻው ሰዓት እውነት ተናግሬ ከሁለት ያጣ ሆንኩ።

ደወልኩለት። "ደብተሯን ሰጠኋቸው ጋሼ።"

"ሰማሁ።"

"ለምን አንተ አልተናገርክም? ታውቃት የለም ወይ?"

"የገዛኋት እኔ ነኝ፣ እንዴት አላውቃትም" አለኝ። "ያንቺን ወንድም እኔ አሳልፌ ልስጥ? አንቺ ትወስኚው ብዬ ጠየቅኩሽ። የልጁ መክዳት አሞኛል፣ አልዋሽሽም። አንቺን ግን ማዶ አለች ብዬ ነበር የማስበው።" ስልኩ ተዘጋ።

አሁን ከገበያው ጀርባ ስልክ የሚጠግንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። የመስታወቱን ባንኮኒ በጣቴ ሁለቴ ቆርቆር አደረግኩና "አለሁ ጋሼ" አልኩት። ቀና አለ። "ምን ነበር የሚፈልጉት?" አለኝ። አንቱታ የሚጠላው ሰው። የስልክ ቻርጀር ገዛሁ።

በሚቀጥለውም ቅዳሜ ሄድኩ፣ በሚቀጥለውም። ሁለቴ ቆርቆር፣ "አለሁ ጋሼ"፣ አንድ ቻርጀር። የቤቴ መሳቢያ ቻርጀር ሞልቷል፤ የአጎቴ ልጅ "ሱቅ ልትከፍቺ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። በአሥረኛው ላይ አንቱታው ቀረ፤ ዝም ብሎ ቻርጀሩን ማቀበል ጀመረ። በአሥራ ሰባተኛው ከባንኮኒው ሥር ያለችውን በርጩማ፣ ሳያየኝ፣ በደህናው እግሩ ወደ እኔ ገፋት። ተቀመጥኩ። 

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ታመመች ብለው ጎረቤቶቿ ደወሉልኝ። ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ዋልኩ፤ አላነጋገረችኝም፣ ግን ሾርባውን ከእጄ ጠጣች። ሱቁ ሳልሄድ ቀረሁ፤ አንዱን አጎደልኩ።

ነገ ቅዳሜ ነው። ከአንድ እጀምራለሁ።